ለእድራችን ቦረቦር አነስተኛ የፕሮጀክት ድጋፍ ልንጠይቅ ነው፤ ያለፈበት ሰው ይምከረን

የእድሩ ጸሐፊ፣ ከቡታጅራ

ሰላም ለሁላችሁም። ቡታጅራ አካባቢ የአንድ ቀበሌ የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። 84 እናቶች ነን፤ በወር 20 ብር እናዋጣለን።

ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ከመንደራችን በላይ ያለውን ቦረቦር በየክረምቱ ያሰፋዋል። እኔ ተድሬ ስመጣ ልጆች እየዘለሉ ይሻገሩት ነበር። ዛሬ ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። የሁለት ቤት የበርበሬ ማሳ ጠርጎ ወስዷል፤ አምና ደግሞ የጎረቤቴ ጥጃ ገብታ ሞተች። አሁን ከቦረቦሩ ጫፍ እስከ ምንጫችን 40 እርምጃ ነው የቀረው። በእግሬ ቆጥሬዋለሁ። ያ ምንጭ ከተናደ የመንደሩ ሴት ሁሉ ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ሊወርድ ነው።

አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ማኅበረሰብ ራሱ ለሚሠራው የአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚሰጥ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ አለ፣ አመልክቱ አለን። ቅጹን ስናየው ግራ ገባን። ሕጋዊ ሰውነት ይላል፤ እድራችን ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ነው። የማኅበረሰቡ መዋጮ የሚል ቦታም አለው፤ በሣጥናችን ያለው 31,000 ብር የለቅሶ ነው፣ አይነካም። ገንዘቡ ቢገኝስ በምን ላይ እናውለው? ግማሾቻችን ሁሉንም ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) እንግዛበት እንላለን። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩን።

ጡረተኛ መምህር፣ ከሐይቅ

እህቴ፣ 40 እርምጃ ያልሽው እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። እኛም እዚህ ተሁለደሬ ያንን አይተናልና ያለፍንበትን ልንገርሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እኛ የወደቅነው እዚያ ላይ ነው።

ከ2008 ጀምሮ ለሁለት ዓመት እንዲህ ባለ ድጋፍ ቦረቦር ስናክም ነበር። ገንዘቡ እንደገባ አብዛኛውን ለጋቢዮን ሽቦ አዋልነው። ድንጋይ ተሸክመን፣ ሽቦውን ሞልተን፣ አምስት ክትር ሠራን። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ሦስቱን በጎን ሰርስሮ አለፋቸው። ሽቦው አንድም ቦታ አልተበጠሰም፤ ውሃው ዞሮት ሄደ እንጂ። ከላይ ያለው ኮረብታ ባዶ ነበር፣ ከብት ክረምት ከበጋ ይለቀቅበታል፤ የወረደውን ዝናብ የሚይዝ ሣር አልነበረውም። እኛ ከታች በር ስንዘጋ ጎርፉ የሚወለደው ከላይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከላይ ጀመርን። እርከን ሠራን፣ ውሃ የሚያሰርግ ጉድጓድ ቆፈርን፣ ኮረብታውን ከልቅ ግጦሽ እንከልል አልን። ገንዘብ የማይፈታው ነገር የመጣው ያን ጊዜ ነው። በኮረብታው ላይ 19 ቤተሰብ ከብት ያውላል። ሦስት ፍየል ብቻ ያላት አንዲት እናት ስብሰባ መሐል ተነስታ፣ «ፍየሎቼን የት ልውሰድ? እናንተ ለላሞቻችሁ ሣር ስታጭዱ ለኔ ምን ሊደርሰኝ ነው?» አለችን። የመለሰላት የለም። ሥራው አንድ ወር ቆመ። ያ ወር ለኔ ከባዱ ጊዜ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ የተሠራው ያኔ ነው።

ቅሬው ተቀመጠ (እናንተ እድር የምትሉት በኛ አገር ቅሬ ነው)። ሣሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ታጭዶ በቤት ቁጥር እኩል ይከፈል፣ በከብት ብዛት አይሁን ተባለ። ከብት የሌለው ድርሻውን ይሽጥ። ከብቱን ያስገባ መጀመሪያ ይመከር፣ ከደገመ ይቀጣ። በወረቀት ጽፈን ፈረምን፤ ያጸናው ግን ዱዓው ነው። ቡና ተፈልቶ አባቶች ዱዓ ካደረጉበት በኋላ፣ እኔ እስከማውቀው ደንቡን የጣሰ ሁለት ሰው ነው። ያቺ እናት የመጀመሪያውን የሣር ድርሻዋን ሸጣ ለልጇ ደብተር ገዛችበት። በሦስተኛው ክረምት ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ቀለሙ ተለወጠ፤ አፈሩ ከላይ ቀረ።

ስለዚህ አንድም መስመር ከመሙላታችሁ በፊት፣ ከቦረቦሩ በላይ ያለውን መሬት ማን እንደሚያርስበት፣ ማን እንደሚያግጥበት ቤት ለቤት ዞራችሁ ጻፉ። ጋቢዮን ለቦረቦሩ ራስ፣ ለምንጩ አቅራቢያ ብቻ ይግባ። የቀረው በድንጋይና በእንጨት ክትር ይሠራል፤ ዳርና ዳሩን ቬቲቨርና የዝሆን ሣር ይይዘዋል። የዝሆን ሣር ለከብት መኖም ስለሚሆን ሰው ይንከባከበዋል።

መዋጮን በተመለከተ የለቅሶውን ገንዘብ አትንኩ። ጉልበታችሁ መዋጮ ነው። መዝገብ ክፈቱና ስም፣ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይግባበት፤ ዋጋውን በአካባቢያችሁ ለቀን ሠራተኛ በሚከፈለው አስሉት። ድንጋዩ፣ ጭነት ያመላለሰች አህያ፣ ለችግኝ ጣቢያ የተሰጠ ጓሮ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ነገር ግን በጥርና በየካቲት በመንግሥት የተፋሰስ ዘመቻ የወጣችሁበትን ቀን እዚህ ደግማችሁ አትቁጠሩ። ለይታችሁ ጻፉት፤ አንድ ቀን ሁለት ቦታ ከተገኘ የቀረው ሁሉ አይታመንላችሁም።

ጊዜውንም አስቡበት። ለጋሾች በፈረንጅ ዓመት ይቆጥራሉ፤ መሬቱ ግን እርከኑን በጥር፣ ችግኙን በሐምሌ ነው የሚፈልገው። በነሐሴ መጨረሻ የደረሰ ገንዘብ የዓመቱን ተከላ አያድንም። የመጀመሪያው ክፍያ እስከ ታኅሣሥ እንዲደርስ ዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ጻፉ፣ ምክንያቱንም አስረዱ።

ከነዚህ ድጋፎች በሰፊው የሚታወቀው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፤ ለረጅም ዓመታት የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያ 50,000 ዶላር ነበር። እናንተ የምትፈልጉትን ብቻ ጠይቁ። የሚመርጠው አገር አቀፍ ኮሚቴ አብዛኞቹ አባላት ከመንግሥት ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡም የሚሰጠው ለማኅበረሰብና ለሲቪል ድርጅቶች ነው። ባለሙያው ይርዳችሁ፤ ባለቤቶቹ ግን እናንተ መሆናችሁ ከጽሑፉ ይታይ። ያንን የ40 እርምጃ ነገር ልክ እዚህ እንደጻፍሽው እዚያም ጻፊው።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

መምህር በጻፉት ላይ ሕጉንና ገንዘቡን ልጨምር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ እድራችሁን እንደ እድር በዚያ አዋጅ ማስመዝገብ አትችሉም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆናችሁ በወረዳ መደራጀት ትችላላችሁ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የራሳችሁ ይሆናል። አጭሩ መንገድ ከተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ጋር ማመልከት ነው። ያንን ከመረጣችሁ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚደርሳችሁ፣ ድርጅቱ ለሥራ ማስኬጃ ስንት እንደሚይዝ፣ ዕቃው በማን ስም እንደሚሆን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተባለ ነገር ኋላ ያጣላል። እኔ የማውቀው አንድ የወጣቶች ማኅበር የገዛው የውሃ ፓምፕ በሌላ ስም ተመዝግቦ ቀርቶበታል።

ሌላው የዋጋ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሽቦና የሲሚንቶ በጀታቸውን ከዚያ በፊት በብር አስልተው የነበሩ ማኅበራት ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። ፕሮፎርማ ከሦስት ሱቅ አምጡ፣ ቀኑ ይጻፍበት፤ ገንዘቡ እንደገባም መጀመሪያ ከፋብሪካ የሚመጣውን ግዙ። ድንጋይና ችግኝ ከገበሬ ስትገዙ ደረሰኝ አይኖርም። ሻጩና ሦስት ምስክር የሚፈርሙበት የግዢ ማረጋገጫ አዘጋጁ፤ ይህን ለጋሹ እንደሚቀበል ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ ከለቅሶው የተለየ፣ ሦስት ፈራሚ ያለው ይሁን።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ከቡታጅራ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴም እንዲሁ። የጻፋችሁትን እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የፍየሏን እናት ሲሰሙ ሁሉም ዝም አሉ።

ከዚያ ለሁለት ቀን ቤት ለቤት ዞርን። ከቦረቦሩ በላይ የሚያርሱና የሚያግጡ 11 ቤቶች ናቸው። ሰባቱ የኛ አባላት ናቸው፣ ተስማምተዋል። አራቱ ከእድራችን አይደሉም። አንዱ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው፣ «ምንጩ የናንተ ነው፣ ኮረብታው የኔ ነው» ብለው መለሱን። የጋቢዮኑን ሐሳብ ለጊዜው አቆይተነዋል። እኚህን አባት ምን ብዬ ልቅረባቸው?

ጡረተኛ መምህር፣ ከሐይቅ

እውነታቸውን ነው፤ ኮረብታው የሳቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ፕሮጀክትም ስለ ገንዘብም አታንሺባቸው። ሁለት ትልልቅ እናቶች አስከትለሽ፣ ቡና ይዘሽ ሂጂና እርሻቸው ከስንት ዓመት በፊት እስከ የት እንደነበር ጠይቂያቸው። ጎርፉ ከሳቸውም ወስዶ ይሆናል። ሲያሳዩሽ አብረሻቸው ውጪ፤ የሳቸውንም እርምጃ ቁጠሪው።