ከአረብ አገር የመጣ ቸኮሌት ለውሻ ይሰጣል? ከቤታችን ምግብስ የትኛው ይከለከላል?

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ሲሆን ግቢያችንን የሚጠብቅ፣ 12 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቦቢ የሚባል ውሻ አለን። እህቴ በቅርቡ ከአረብ አገር ስትመለስ ለልጆቹ ብዙ ቸኮሌት ይዛ መጥታለች፤ እነሱም አንድ በጎረሱ ቁጥር ለቦቢ አንድ መወርወር ጀምረዋል። ጎረቤታችን እትዬ ቸኮሌት ውሻን ይገድላል ብለው ልጆቹን ሲቆጡ፣ አባቴ ደግሞ የእኛ አገር ውሻ የጣሉለትን ሁሉ በልቶ የሚያድር ስለሆነ ይህ የፈረንጅ ውሻ ወሬ ነው ይላሉ። እስካሁን በውሻው ላይ ያየነው ለውጥ የለም። እውነቱ ከማን ጋር ነው? ከቸኮሌት ሌላስ ልንከለክለው የሚገባ ምን አለ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

እውነቱ ከእትዬ ጋር ነው፤ የአገርም ሆነ የፈረንጅ ውሻ ጉበቱ አንድ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ካካዎ ውስጥ ያለው ቲዮብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሰው አካል ቶሎ ሲያስወግደው በውሻ ደም ውስጥ ግን ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በዚህም የተነሣ ጠዋት የተሰጠው ሳይወጣ የማታው ይደረብበታል።

እስካሁን ምንም ያላያችሁት በዓይነቱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ወተት የበዛበት ቸኮሌት በአንድ ግራም 2 ሚሊ ግራም ገደማ ቲዮብሮሚን ሲይዝ፣ ጥቁሩና መራራው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ ለኬክ የሚሆነው የካካዎ ዱቄት ደግሞ ወደ 20 ይደርሳል። ለአንድ ኪሎ ግራም የውሻ ክብደት 20 ሚሊ ግራም ሲደርስ ማስመለስ፣ ተቅማጥና መቅበጥበጥ ይጀምራል፤ ከ40 እስከ 50 ሲሆን የልብ ምት ይዛባል፤ ወደ 60 ሲጠጋ ያንቀጠቅጠዋል። ለቦቢ ሲሰላ፣ 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ከመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲቆም፣ ያው 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ግን ልቡን ከሚነካው መጠን ላይ ያደርሰዋል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከበላ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚታይ፣ በልቶ ደህና መዋሉ ማረጋገጫ አይሆንም።

የሰኞ ገበያዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። በእኛ ቤት ቸኮሌት በዓመት አንዴ ቢገባ ነው፤ የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ከዕጣንና ከጧፍ ጋር የምገዛው ዘቢብ ውሻው ሊደርስበት ከሚችል ቦታ ይቀመጣል፤ የቡናው አተላም ውጭ ይደፋል። የወጥ ትርፍማ የዘወትር ምግቡ ነው። ደግሞም በሰፈራችን መርዝ የበላ ውሻ ወተት ይጠጣል፣ ካልሆነም ጨው በውኃ በጥብጠው ያጠጡታል። ይህ ይረዳል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ከቸኮሌቱ ይልቅ እርስዎ የጠቀሷቸው በየቤታችን የሚበዙ ናቸው። ዘቢብና ወይን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ አንዱ ውሻ ብዙ በልቶ ሲተርፍ ሌላው በጥቂቱ ስለሚታመም ለእነዚህ አስተማማኝ ልክ አልተገኘላቸውም። በአንድ ቀን ውስጥ ማስመለስ ይጀምርና በቀጣዮቹ ቀናት ሽንቱ እያነሰ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ዘቢቡ ክዳን ባለው ዕቃ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የቡና አተላም ካፌይን ስለሚቀርበት የሚያደርሰው ጉዳት ከቸኮሌቱ ጋር ይመሳሰላል።

ወጡን በተመለከተ ጥፋቱ ከቀይ ሽንኩርቱና ከነጭ ሽንኩርቱ ነው፤ የጾም ሽሮም ሆነ የፍስክ ዶሮ ወጥ ከዚህ አያመልጥም፣ ምግቡ መብሰሉም መርዙን አያጠፋውም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚህ ባነሰ መጠን ይጎዳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላቱም ይጠራቀማል። ድዱ ከነጣና ሽንቱ ከቀላ ጊዜ አይስጡት። ከዶሮው ላይ የተቀቀለው አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ መጣል አለበት።

ወተት መርዙን አያረክስም፤ ጨው ደግሞ በራሱ ውሻ ይገድላልና ፈጽሞ አይስጡ። የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ውሻ በምንም መንገድ እንዲያስመልስ አይገደድም።

ሐረጎ ማዶ

የጠያቂው አባት ያሉት የብዙዎቻችን አባቶች አነጋገር ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ ትርፍ እየበላ ያረጀ ውሻ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም በድንገት የሞተውን ውሻ ሁሉ ሌባ መርዝ ጣለለት እያልን ስንቀብር፣ በዋዜማው ከማዕድ ምን እንደተወረወረለት የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በእኛ አካባቢ የሚበዙት የከብትና የበግ ሐኪሞች ስለሆኑ፣ ውሻ የሚያይ ባለሙያ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆ ስልኩን መያዝ በሌሊት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከመውረድ ያድናል።

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አባቴም ስሌቱን ሲሰሙ ዝም ብለዋል። ነገር ግን ማሸጊያዎቹ በአረብኛ የተጻፉ ስለሆኑ የትኛው ጥቁር፣ የትኛው የወተት እንደሆነ መለየት አልቻልንም። በሻንጣው ውስጥ ማስቲካም አለ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

ቁርአን የቀራ የጎረቤት ልጅ ቢያነብላችሁ ይበቃል። ከካካዎ ቀጥሎ የመቶኛ ቁጥር ካለ፣ 50 እና ከዚያ በላይ የሆነውን በሙሉ እንደ ጥቁር ቁጠሩት። ማስቲካውን ግን ከቸኮሌቱ በፊት ሰብስቡት፤ ስኳር አልባ ከሆነ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል። ይህ የውሻን የደም ስኳር ብዙ ጊዜ በ1 ሰዓት ውስጥ አውርዶ የሚጥል ሲሆን ጉበቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ቋንቋው ባይገባችሁም ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ 967 የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ የዛይሊቶል መለያ እሱ ነው።