የጨዋታችንን ዓለም አብረን እንዴት እንፍጠር?

የአባዶው፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገጸ ባሕርይ እየሆንን ዳይስ የምንጥልበትን ጨዋታ ልንጀምር ነው። ዓለሙን እኔ ብቻዬን ብጽፈው የእኔ ብቻ ይሆናል፤ ሁሉም እንዲያዋጣ በጣም እፈልጋለሁ። ከየት እንነሳ?

ጨዋታ መሪ፦ ባዶ ወረቀት መሃል አስቀምጡ። እያንዳንዱ አንድ ቦታ ይሣል፣ ስለ ቦታው አንድ ወሬ ይጨምር። የሌላውን መሰረዝ ክልክል፤ ማስቀጠል ብቻ። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እየተጫወታችሁ ይለያል።

የጣፎዋ፦ ወንድሜ፣ ደጃችሁን አትዝለሉ! የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ራሱን የጭራቅ ጎሬ አታድርጉት፤ ግን ከአለት የተፈለፈለ ከተማ ቢኖራችሁስ?

የአባዶው፦ እህቴ፣ ተባረኪ! ከተማው ገብቷል። ትንሿ ልጅ ደግሞ በሩ ላይ ቀረጥ የሚሰበስቡ ጅቦች ሣለች። ማን እንደሚያዛቸው ገና አልተስማማንም።