ለአዳማው ጉዞ ምን መፍቻ እንያዝ? የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ለአዳማው የብስክሌት ጉዞ የጥገና ዕቃ ዝርዝር ለሥራ አመራሩ ልናቀርብ ነው። ከአዲስ አበባ የምንወጣበት መንገድ የድሮው ነው፤ በቃሊቲ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ወደ 100 ኪሎ ሜትር። የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አያስገባም። መነሻ ሐሳቤ ሁሉም ሰው ሙሉ የመፍቻ ቦርሳ ይያዝ የሚል ነው። እስቲ የምትሉትን በሉ።

የጥገና ኃላፊ፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ሁላችንም የካቴና መፍቻ ተሸክመን ምን ልንሠራ ነው? ለራስህ ብስክሌት ብቻ የሚሆነውን ራስህ ያዝ፣ ለሁሉም የሚሆነው የጋራ ይሁን። ካላማዳሪ የግል ነው፤ የጎማው መጠን ስለሚለያይ ባለ 26ቱ ለባለ 700ው ሊያበድር አይችልም። የካቴና ማያያዣም እንደዚሁ፤ የባለ 8 ማርሹ ለባለ 11 አይገጥምም። የካቴና መፍቻ ግን አንድ ጥሩ ካለ ለሁላችንም ይበቃል። 4፣ 5 እና 6 ቁጥር የአለን ቁልፍም (ባለ ስድስት ማዕዘኑ) አብዛኛውን ብሎን ይፈታል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጣጣ ጎማ ነው። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጎማቸው ሲፈነዳ ቁርጥራጩ አስፋልቱ ዳር ይቀራል። እኛ ደግሞ የምንነዳው ዳሩን ይዘን ነው። ከቁርጥራጩ የሚወጣው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጎማችን ውስጥ ከገባ ከውጭ አይታይም። ካላማዳሪ ከመቀየራችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ያዝ ያደረገበት ቦታ ላይ ሽቦው አለ፤ በፒንሳ ንቀሉት። በባዶ ጣት አትዳብሱ፣ ይቆርጣችኋል። ይህ ሳይደረግ የገባ አዲስ ካላማዳሪ ትንሽ ሳይሄድ ይተነፍሳል። ስለዚህ ትንሽ ፒንሳና ቁራጭ ጨርቅ ይመዝገቡልኝ።

አዲስ አባል፦ በየከተማው ጎሚስታ አለ አይደል? ፓምፕ ለምን እንሸከማለን?

ነባር አባል፦ እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ጎማው ግን ከተማ እስክንደርስ አይጠብቀንም። ሌላው ደግሞ ብዙዎቹ የኮርስ ብስክሌቶች ቫልቭ ቀጭኑ፣ ፕሬስታ የሚባለው ነው፤ የጎሚስታ ኮምፕረሰር አይገጥመውም። ለዚህ መለወጫ አለች፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ። የቫልቩን ጫፍ ፈታ አድርጎ እሷን ማጥበቅ ነው። ከዚያ ጎሚስታውን «ቀስ እያልክ» በሉት። ለከባድ መኪና የተሞላ አየር የብስክሌት ካላማዳሪ ላይ ከተለቀቀበት ያፈነዳዋል።

ሒሳብ ያዥ፦ የጋዝ መንፊያ ይገዛ ያላችሁ ነበራችሁ። አንዴ ከነፋ አለቀ፤ ገንዘቡ ለሁለት ጠንካራ የእጅ ፓምፕ ቢውል ይሻላል።

የማውንቴን ቡድን፦ በሒሳብ ያዣችን ሐሳብ እንስማማለን። ከሞጆ ወዲያ ፀሐዩ ሲከር ጥላ ፍለጋ ከአስፋልት የሚወጣ አይጠፋም፣ ግራር ሥር ደግሞ እሾህ ነው። ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ግቡ እንጂ አትግፉት። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካላማዳሪ ይሁንልን።

ነባር አባል፦ መለጠፊያና ማስቲሽም ይጨመር። ካላማዳሪ ያልቃል።

የጥገና ኃላፊ፦ ጎማው ራሱ ከተተረተረ መለጠፊያ አይመልሰውም። ከአሮጌ የኮርስ ጎማ መዳፍ የሚያህል ቆርጠን እንያዝ፤ ከውስጥ ሲነጠፍ እስከ አዳማ ያደርሳል። ፍሬን ግን ዋዜማውን ቤት ይታይ፤ መንገድ ላይ የምናስተካክለው ነገር አይደለም።

የኋላ ጠባቂ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የጋራው ቦርሳ ከፊት ከሚመራው ጋር መሆኑ ይቅር። የተበላሸበት ሰው ወደ ኋላ ነው የሚቀረው። መፍቻው ዱከም ገብቶ ሰውየው ቃሊቲ ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ቦርሳውን እኔ ልያዝ፤ ማንንም ሳላልፍ ነው የምመጣው።

አስተባባሪ፦ ይኼ አሳመነኝ፣ የእኔን ሐሳብ አንስቻለሁ። ረቂቁ እንዲህ ይነበብ፦ «እያንዳንዱ አባል ለብስክሌቱ የሚሆን ሁለት ካላማዳሪ፣ የካቴና ማያያዣና ጎማ ማውጫ ይይዛል። ፓምፖቹ፣ የካቴና መፍቻው፣ የአለን ቁልፎቹ፣ ፒንሳው፣ ጨርቁ፣ መለጠፊያና ማስቲሹ፣ ቁራጭ ጎማውና የቫልቭ መለወጫው ከኋላ ጠባቂው ጋር ይሆናሉ።» መለወጫዋ ስንት ትሁን?

ነባር አባል፦ ሁለት ይገዛ፤ ትንሽ ስለሆነች ትጠፋለች። አንዷ ፓምፑ ላይ ትታሰር።