ለጥንቸልና ለሽኮኮ አደን በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ 32 ይሻላል 36?

ጀማሪ አዳኝ፦
ሰላም ወንድሞች። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ የማድነው ጥንቸልና ሽኮኮ ብቻ ነው፣ ትልቅ አውሬ ሀሳቤም ውስጥ የለም። ገንዘቤ ብዙ ስላልሆነ አንዴ ገዝቼ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለኝን ነው የምፈልገው። አንዱ 32 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች መቶኛ) ይለኛል አንዱ 36፣ ሌላው ደግሞ 50 ግዛና ባሩዱን ቀንስለት ይላል፣ ግራ ገባኝ። አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ? የያዛችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባሩድና እርሳስ፦
ለነዚህ ብቻ ከሆነማ 32 ውሰድ። ሰው የጠመንጃውን ዋጋ ብቻ ያያል፣ ከገዛ በኋላ በየጊዜው የሚያወጣውን አያስብም። የ32 ክብ አረር 45 ግሬን ገደማ ነው የሚመዝነው፣ የ50ው ግን 177 አካባቢ ነው፣ አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ስለሆነ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ከ150 በላይ የ32 አረር ታወጣለህ፣ የ50 ከሆነ 40ም አይሞላልህ። ባሩዱም እንደዛው ነው፣ 32 በ20 ግሬን ሶስት ኤፍ (ደቃቅ) ጥቁር ባሩድ ቆንጆ አድርጎ ይመታል ስለዚህ አንዱ ፓውንድ 350 ጊዜ ያስተኩስሃል። ከአዲሶቹ የትራዲሽንስ ክሮኬትን እይ፣ 32 ካሊበር ነው፣ በካፕ (መዶሻው ሲመታት ፈንድታ ባሩዱን በምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ) የሚሰራ፣ በርሜሉ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጩ ድርብ (አንዱ ሌላውን በቀላሉ እንዲሳብ የሚያዘጋጅ)። የጣሊያኖቹ ፔደርሶሊም በ32ና በ36 አለ፣ አሰራሩ በጣም ያምራል ግን ዋጋው ከክሮኬት ከፍ ይላል።

ጭሱ፦
እኔ ግን 36 ነው የምለው። «ባሩድና እርሳስ» ያለው ሂሳብ ልክ ነው፣ ነገር ግን 32 ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ጥቀርሻው ቶሎ ነው የሚያጣብቀው፣ በየተኩሱ መሀል እርጥብ ጨርቅ ካላሳለፍክ አረሩ ግማሽ መንገድ ላይ እምቢ ይልሃል፣ አረሩን የምትገፋበት ዘንግም ቀጭን እንጨት ስለሆነ በሃይል ስትገፋው ይሰበርና እጅ ላይ ይገባል። ነፋስ ካለ ደግሞ ቀላሏ አረር ትወሰዳለች። ብርድ ላይ ጣትህ ደንዝዞ ያቺን ምስር የምታክል ካፕና ጥቃቅን አረር መያዝ ራሱ ስራ ነው። የ36 አረር 65 ግሬን ገደማ ናት፣ በእርሳስም በባሩድም ከ32 ብዙ አትርቅም፣ ለጥንቸል ደግሞ ትንሽ ጉልበት ትጨምርልሃለች። የቱንም ብትገዛ ጭንቅላት ጭንቅላቱን ነው የምታነጣጥረው፣ ርቀቱንም ከ40 እና 50 ሜትር አታሳልፍ።

ባሩድና እርሳስ፦
ስለ ዘንጉ እውነት ነው። ለኢላማ ልምምድ የብረት ወይም የፋይበርግላስ ዘንግ ለብቻው ግዛ፣ የእንጨቱን ለአደን አቆየው፣ ስትገፋም አጠር አጠር አድርገህ ያዘው።

አሮጌ ሰደፍ፦
50 ያሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም፣ ቀድሞ ያለው ሰው በ30 ግሬን ተኩሶ ጥንቸል ሊያድንበት ይችላል፣ ግን በቀላል ባሩድ የምትመታው ቦታ ስለሚለወጥ እንደገና ማነጣጠር አለብህ፣ ገላውን ከመታህ ደግሞ ስጋው ተበላሸ። አንተ ገና ስለምትገዛ አያስፈልግህም።

ያገለገለ ካልክ ቶምሰን ሴንተር ቸሮኪና ሴኔካ፣ የሲቪኤ ስኩዊረል ራይፍልም ጥሩ ነበሩ፣ አሁን አይመረቱም ያገለገሉት ግን ይገኛሉ። ከመግዛትህ በፊት መጀመሪያ ጎርሶ እንደሆነ እይ፣ አደራህን ይሄን አትዝለለው። ዘንጉን እስከ ታች ከተህ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርግበት፣ ከዛ አውጥተህ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክለህ በርሜሉ ላይ በውጪ በኩል አስተኛው፣ ጫፉ ካፕ የሚቀመጥበት ቦታ አካባቢ ካልደረሰ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሻጩ ባዶ ነው ቢልህም አትመነው። ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ነጭ ጨርቅ በጠባቡ አሳልፍ፣ ቀይ ዝገት ይዞ ከወጣ ወይም አንድ ቦታ ላይ እየተያዘ የሚያስቸግር ከሆነ ተወው፣ እንጨቱ የፈለገ ቢያምር።

ጀማሪ አዳኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካፕ ይሻላል ወይስ በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚተኩሰው? ባሩዱስ ማንኛውም ይሆናል?

ጭሱ፦
ለጀማሪ ካፕ። ባልጩቱ ደስ ይላል ግን እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ይፈልጋል፣ ፓይሮዴክስን የመሳሰሉ ተተኪዎች በባልጩት ብልጭታ በደንብ አይያዙም፣ በካፕ ግን ይሰራሉ። ጭስ አልባውን የዘመናዊ ጥይት ባሩድ በምንም ተአምር እንዳታስገባ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በርሜሉ እጅህ ላይ ይፈነዳል። ስትለካም ከባሩድ ዕቃው ቀጥታ ወደ በርሜል አታፍስ፣ ውስጥ ፍም ቀርቶ ከሆነ ዕቃው ሁሉ ይነዳል፣ መጀመሪያ በመለኪያ ከዛ ወደ በርሜል። መጠኑን ከአምራቹ መመሪያ አትለፍ።

አሮጌ ሰደፍ፦
አረሩን ደግሞ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ግፋው፣ መሀል ላይ ክፍተት ካለ አደገኛ ነው። የምትጠቀምበትን መጠን ስትወስን ዘንጉ ላይ አፈሙዝ ጋ ምልክት አድርግ፣ ከዛ በኋላ በየጊዜው ምልክቱ ድረስ መግባቱን ታያለህ። የተኮስክበትን ቀን ሳታሳድር በሙቅ ውሃና ሳሙና እጠበው፣ ጥቀርሻው እርጥበት ይስባል፣ ካደረቅክ በኋላ ዘይት ቀባው። ወደ አደን ስትወጣ ዘይቱን ጥረግና ሳታጎርስ አንድ ካፕ አፈንዳ፣ አፈሙዙን ወደ ሳር አድርገህ፣ ሳሩ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ክፍት ነው።

ጀማሪ አዳኝ፦
እንግዲህ ያገለገለ 36 በካፕ የሚሰራ ነው የምፈልገው፣ በርሜሉ ንጹህ የሆነ ካጣሁ አዲሱን ክሮኬት እወስዳለሁ።