ድመቷን ከማጀት እንዴት ላውጣት?

ጤና ይስጥልኝ። ለልጄ አጭር ተረት እየጻፍኩላት መሃል ላይ ቆሞብኛልና እባካችሁ እርዱኝ።

ነገሩ የሚሆነው ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እማማ ብቻቸውን በሚኖሩበት የገጠር ቤት ነው። ውሮ የምትባል ድመት አለቻቸው፣ ብልህነቷ ለጉድ ነው። እማማ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴ ሄደው እስከ ከሰዓት እንደማይመለሱ ደርሳበታለች፣ ስለዚህ እነዚያን ቀኖች ጠብቃ የማጀቱን መቀርቀሪያ በእግሯ ትገፋና የቅቤውን ቅል ከፍታ ልሳ ልሳ ስትጨርስ መልሳ ትከድነዋለች። መክደኗን በጣም ነው የወደድኩት!

ችግሩ ከፋሲካ በኋላ ነው። 50 ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ውሮ ይህን ከየት ታውቀዋለች? እማማ ያን ረቡዕ ወጥ ሊሠሩ ቅቤ ፍለጋ ወደ ማጀት ይገባሉ፣ እሷ ደግሞ ውስጥ ናት። እዚህ ላይ ቀረሁ።

በመስኮት እንዳላስወጣት ማጀቱ መስኮት የለውም። የሞተች ባስመስላት ልጄ «ይህማ የቀበሮ ነው» አለችኝ። እንድትናገር አልፈልግም፣ እንድትመታም አልፈልግም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብዬ ልጨርሰው አሰብኩና ተውኩት፣ ውሮን ሌባ ብቻ ያደርጋታል፣ እኔ ደግሞ እወዳታለሁ። አይጥ ይዛ ብትገኝስ? ግን በቅቤ ጠግባ አይጥ ምን አስያዛት?

ቅዳሜ ማታ ላነብላት ቃል ገብቻለሁ። ሀሳብ ያላችሁ ጣል አድርጉልኝ።