ማክሲ ጄ1820+070፦ የሬዲዮ አልፋው ለምን ፖዘቲቭ ሆነብኝ?

አባጅፋር_7 (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የዚህን ጥቁር ጉድጓድ የ2018 (በፈረንጆቹ) አውትበርስት (ድንገት የደመቀበትን ጊዜ) እየሠራሁ ነው። (ዲክሊኔሽኑ (የሰማይ ኬክሮሱ) +7°11′ ስለሆነ እኛ ጅማ ላይ በአናታችን ነው የሚያልፈው፤ የክረምቱ ደመና ቢፈቅድ!) የእምብርቱን (የራሱን የጥቁር ጉድጓዱን ቦታ) ድምቀት በ1.28 ጊጋኸርዝ ከደቡብ አፍሪካው ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሚርካት፣ በ15.5 ደግሞ ከኬምብሪጁ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከኤኤምአይ ወሰድኩ። ቀኑ መስከረም 25/2011 ነው፣ ወደ ሃርድ ስቴት (ከፍተኛ ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ወደሚያይልበት ሁኔታ) ሲመለስ። አልፋ (ድምቀቱ ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚለዋወጥበት መጠን፤ ፖዘቲቭ ማለት አብሮ ይጨምራል) +0.3 ወጣ፤ የጠበቅሁት 0 አካባቢ ነበር። ጄቱንስ (የሚወረወረውን ቁስ) በዚያው ቀን በኤክስሬይ ለይቶ ማየት ይቻላል?

ቢም_ለኪ
መጀመሪያ ቢሙን (ቴሌስኮፑ ለይቶ የሚያየውን ትንሹን ስፋት) ተመልከት። የኤኤምአይ 30 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600) ያህል ነው፣ የሚርካት ከ5 እስከ 8። ትልቁ ጄት የተወረወረው ሰኔ 30/2010 አካባቢ ነው (ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ዕለት፣ አይረሳም)። ወደ እኛ የሚመጣው ቁራጭ በቀን 77 ሚሊአርክሰከንድ ይጓዛል፤ በ90 ቀን 7 አርክሰከንድ ገደማ። ሚርካት እንደምንም ይለየዋል፣ ኤኤምአይ ግን ሁለቱን በአንድ ቁና ይሰፍራቸዋል።

ለምሳሌ እምብርቱ በሁለቱም ፍሪኩዌንሲ 1 ሚሊጃንስኪ (የሬዲዮ ድምቀት መለኪያ) ቢሆንና ቁራጩ በ15.5 ላይ ሌላ 1 ቢጨምርበት፣ ኤኤምአይ 2 ያነባል። ሎግ 2 ለሎግ 12.1 (15.5 ለ1.28 ሲካፈል) ሲካፈል 0.28። ያንተው ቁጥር መጣ፣ እምብርቱ ምንም ሳይለወጥ።

ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የቁራጩ አልፋ −0.6 ገደማ ስለሚሆን፣ በ1.28 የለካኸውን የቁራጩን ድምቀት በ0.22 አባዛና ከኤኤምአዩ ቀንስ። የሚርካትን ባንድ ለሁለት ከፍሎ አልፋ ማውጣትም ይቻላል፤ ግን የእያንዳንዱ ግማሽ ስሕተት 5% ቢሆን እንኳ አልፋው ላይ ±0.2 ይመጣብሃል፣ ብዙም አይረባም። ደግሞ ከቀነስክ በኋላ +0.1 ወይም +0.2 ቢቀር አትደንግጥ፣ በሃርድ ስቴት የተለመደ ነው።

ፎቶን
ከእኛ የሚርቀውን ሁለተኛውን ቁራጭ ረሳችሁት። በቀን 33 ሚሊአርክሰከንድ ስለሚሄድ በ90 ቀን 3 አርክሰከንድ ብቻ ነው፤ ከሚርካት ቢም አልወጣም። ስለዚህ «እምብርት» የተባለውም ንጹሕ አይደለም። በካሳ (የሬዲዮ መረጃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ እንጂ የቋራው አይደለም) ኢምፊት በተባለው መሣሪያ ላይ የሦስቱንም (የእምብርቱንና የሁለቱን ቁራጮች) ቦታና ቅርጽ ቆልፈህ ድምቀታቸውን ብቻ ልቀቀው።

ኤክስሬዩን በዚያ ቀን አትልፋበት። እምብርቱ ገና ደማቅ ነው፤ ጨረሩ ዙሪያውን ያጥለቀልቃል፣ በኤክስሬይ ቴሌስኮፑ በቻንድራም ላይ ፎቶኖች በአንድ ፒክስል ይደራረባሉ። ከኖቬምበር 2018 እስከ ጁን 2019 የተነሡት 4 የቻንድራ ምልከታዎች ይሻሉሃል፦ እምብርቱ ደብዝዟል፣ ቁራጮቹም ርቀዋል። የቻንድራ አቅጣጫ እስከ 1 አርክሰከንድ ሊስት ስለሚችል፣ መጀመሪያ በአካባቢው ባሉ ኮከቦች አስተካክለው። ፎቶኖቹ ጥቂት ስለሆኑ በካይስኩዌር ሳይሆን ለጥቂት ቆጠራ በሚስማማው በካሽ ስታትስቲክ ሥራ።

አባጅፋር_7
ገባኝ። 77 እና 33ን ካወቅሁ ፍጥነቱን ለማግኘት ርቀቱ የግድ ያስፈልገኛል?

ፎቶን
ለመጀመሪያው ደረጃ አያስፈልግም። ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍል፦ 44 ለ110፣ 0.4። ይህ ፍጥነቱ (ከብርሃን አንጻር) ጄቱ ከእይታ መስመራችን ጋር በሚሠራው ማዕዘን ኮሳይን ሲባዛ ነው። ማዕዘኑን 63° ካልከው ፍጥነቱ የብርሃን 0.88 ይሆናል።