ብሉቱዝ የሌለው አሮጌ ኪቦርድ ከስልክ ጋር ይሠራል?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። የላፕቶፔ ስክሪን ተሰብሮ ጥገና ቤት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የማስገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በስልክ 40 ገጽ መጻፍ ጣቴን ጨረሰው። ቤት ውስጥ ወንድሜ ድሮ የሚጠቀምበት ገመድ አልባ ኪቦርድ አለ። ብሉቱዝ ከፍቼ ብፈልገው ብፈልገው አይመጣም። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ቻርጀሩ ታይፕ ሲ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1
እህቴ፣ አትጣዪው! ገመድ አልባ ሁሉ ብሉቱዝ አይደለም። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ነው፤ ጥፍር የምታክል የዩኤስቢ መቀበያ፣ ዶንግል የሚሏት፣ አብራቸው ትመጣለች። ያለ እሷ ስልኩ ኪቦርዱን አያየውም። የባትሪውን ክዳን ክፈቺና እዪ፤ ብዙ ጊዜ ማስቀመጫዋ እዚያ ነው። ካገኘሻት ኦቲጂ የሚባለውን የዩኤስቢ ማገናኛ ግዢ። አንዱ ጫፉ ስልኩ ላይ ይሰካል፣ በሌላው ዶንግሏ ትገባለች።

ጠያቂዋ
አገኘኋት! ባትሪው ጎን ተሸጉጣለች። ግን አንዱ ባትሪ ፈሷል፤ ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት ነገር ጋግሯል።

መልስ 2
የአልካላይን ባትሪ ፍሳሽ ነው። በባዶ እጅሽ አትንኪው፣ ቆዳ ያቃጥላል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነካ አድርጊና ስፕሪንጉን እሺው። ዱቄቱ አረፋ እያወጣ ይለቃል። ከዚያ ጥረጊውና በደንብ ሳይደርቅ አዲስ ባትሪ አታስገቢ።

መልስ 3
ስልክሽ ኦፖ ወይም ሪልሚ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ኦቲጂ የሚለውን አብሪው። ለ10 ደቂቃ ካልተጠቀምሽበት ራሱ ይጠፋል፤ ኪቦርዱ የሞተ እንዳይመስልሽ። ለአማርኛው ኪማን የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኚና የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሪበት። በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመቺ «ሰላም» ይልሻል።

ጠያቂዋ
ሠራ! ኦቲጂውን ሰፈር ካለ የስልክ ዕቃ መሸጫ ገዛሁት። ስፕሪንጉን ሁለቴ ማሸት ነበረብኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ሰላም» ነው፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ቻርጅ እያደረግኩ መጻፍ አልቻልኩም፣ ቀዳዳው አንድ ነው።

መልስ 1
ዶንግሏ የምትበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ ስልኩን ሞልተሽ ጀምሪ። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስ ማድረግ ይበልጥ ይረዳሻል። ቻርጅ ማስገቢያ ጭምር ያለው የታይፕ ሲ ሃብም (ብዙ ቀዳዳ ያለው ማገናኛ) አለ፣ ግን ለሁለት ሳምንት ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። በርቺ እህቴ።